ምን ትያለሽ?

የልጅ ልጄ ሺራ አምስተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ እዚሁ ፔታ ቲክቫ ከተማ፣ ኤን ጋኒም ሰፈር ከምንኖርበት ሕንፃ ብዙ አይርቅም። ባለፈው የብርድ ወራት አንድ ቀን ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ፣ በዕብራይስጥ፣ «ሳፍታ፣ ማክሰኞ ወደ ክፍላችን ነይ ተብለሻል» አለችኝ። ሳፍታ አያት ማለት ነው።

«ማን አለ?»

«ሞራ ዳፍና።»

በዕብራይስጥ ሞራ አስተማሪ ናት። እዚህ አገር በገባን ሰሞን ቃሉን በሰማሁ ቁጥር የበግ ሞራ እየታየኝ ከንፈሬን እነክስ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ።

«ምን አጥፍተሽ ነው?» አልኋት በአማርኛ። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ ቤታችን እንዲህ ነው።

«ምንም አላጠፋሁ። መጽሐፍ እያነበብን ነው። አያቶች መጥተው ይስሙ ብላለች። ሁሉም አያቱን ያመጣል። በሰደር?»

«በሰደር» አልሁ፤ እሺ ማለት ነው።

ማክሰኞ ነጠላየን ለብሼ ሄድሁ። ወንበሮቹ በረድፍ አልነበሩም፤ ክብ ሠርተዋል። አስተማሪዋ ወጣት ናት። የራሷ ትልቅ ወንበር ጥግ ላይ ባዶውን ተቀምጦ፣ እሷ ከልጆቹ መካከል ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣለች። መጽሐፉ በየልጁ እጅ አለ። ሺራ በጆሮየ እንደነገረችኝ፣ በየቢሮውና በየሐኪም ቤቱ ለአያቷ የምታስተረጉም ልጅ ታሪክ ነው። አንድ ቀን ልጅቱ ሐኪሙ የተናገረውን ትታ፣ አያቷ እንዳይደነግጡ ብላ ሌላ ነገር ነገረቻቸው። ዋሸች ወይስ አልዋሸችም? ክፍሉ በዚህ ላይ እየተከራከረ ነበር። ድምፃቸው ገበያ ይመስላል። አስተማሪዋ አልተቆጣችም፤ «አንተስ?» «አንቺስ?» እያለች ቃሉን ካንዱ ተቀብላ ለሌላው ታቀብላለች።

ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ግራጫ ጭቃ ነበር። ልጆቹ እየተከራከሩ የታሪኩን ሰዎች በጭቃ ይሠራሉ። ሺራ ቆርሳ እጄ ላይ አኖረችልኝ።

«ያላ፣ ሳፍታ፣ አንቺም ሥሪ።»

የሱቅ ጭቃ ነው። ጠጠሩ በእጅ አልተለቀመም፣ የተወቀጠ ገል አልገባበትም። ወደ አፍንጫየ አስጠጋሁት። ሽታው ያው ነው። ልጆቹ ይጮሃሉ፤ እኔ ግን እማየ ሸክላ ከምትሠራበት ዳስ ሥር ነበርሁ።

ያን ዓመት ዕድሜየ ስንት እንደነበር አላውቅም። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው አዲሶቹ ወጥተው ነበር። ሰፈራችን ከጎንደር ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አባየ ሸማኔ ነበር፤ እግሩን የሸማ ጉድጓዱ ውስጥ ከቶ መወርወሪያውን ሲወረውር ይውላል። ከሽመናው ይልቅ ስሙን ያስጠራው ግን ሙግት ነው። ዳኛ ፊት የሚቀርብ ነገር ያለው ሰው፣ የኛ ወገንም ይሁን ክርስቲያን፣ «አያ ወርቁ፣ አፍ ይሁኑኝ» እያለ ደጃችን ይመጣ ነበር። እማየ ሸክላ ትሠራለች፤ እንስራ፣ ድስት፣ ጋን። ጭቃው የሚቆፈረው ከወንዙ ማዶ ገደል ሥር ካለ ጉድጓድ ነው። በስልቻ አዝየ የማመጣው እኔ ነበርሁ። ሌላ ሴት ልጅ አልነበራትም።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት እንድገባ የጠየቀች እማየ ናት። እንዴት ብላ እንደጠየቀች አልሰማሁም። የአባየን መልስ ግን ሰምቻለሁ።

«እስከ ሰግድ ትማር። ከሰግድ ስንወርድ እናያለን።»

ሰግድ፣ ወገናችን ሁሉ ጾሞ ተራራ ላይ የሚወጣበት በዓላችን፣ ኅዳር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሸክላ መተኮሻው ጊዜ ይደርሳል፤ ኩበትና እንጨት የሚሸከም ሰው ይፈለጋል። «እናያለን» ደግሞ በአባየ አፍ «ይበቃል» ማለት እንደሆነ እማየም እኔም እናውቅ ነበር። ስለዚህ መማሬ እስከ ሰግድ ነው። ሌሎቹ ልጆች ዓመት አላቸው፤ እኔ ሁለት ወር ብቻ ነበረኝ።

ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ጣራው ሣር፣ መቀመጫው የጭቃ መደብ። መምህሩ መምህር ገብሩ ይባላል፤ ከጎንደር ከተማ የመጣ ክርስቲያን፣ ቀጭን፣ ኮቱ ብብቱ ላይ የጠበበው ወጣት። ስንገባ የተማርነው እንደ ሌላው ትምህርት ቤት ነው፤ እሱ ይላል፣ እኛ እንቀበላለን። ጥቅምት ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ውሃ አስቀድቶ እጁን ታጠበ። ጨርቁን ሲፈታው ስስ መጽሐፍ ነው። ዳዊት አይደለም፣ ፊደል ማስቆጠሪያም አይደለም። የተረት መጽሐፍ ነው።

«ይህ የሚቆጠር አይደለም። የሚሰማ ነው» አለን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሒሳብ በኋላ መጥቶ መደቡ ላይ በመካከላችን ይቀመጣል። መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለነበረ፣ በቀኝና በግራው የተቀመጡት ያያሉ፤ ሌሎቻችን እንሰማለን። በየቀኑ ቦታ ያስለውጠናል፤ ለማየት ለሁሉም ተራ እንዲደርስ ነው። በቀን የሚያነበው አንድ ምዕራፍ ነበር። ምዕራፍ የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት አላውቀውም። ከዕረፍት ጋር ስለተመሳሰለብኝ፣ መጽሐፉ የሚደክመው መሰለኝ። እንጨት ተሸካሚዎች ሸክማቸውን የሚያሳርፉበት ድንጋይ መንገድ ላይ እንደሚኖር፣ መጽሐፉም እዚያ እዚያ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር። በጨርቅ ሲጠቀልለውም እንዲተኛ ነው ብየ አስብ ነበር። የታሪኩ ሰዎች ደግሞ እውስጡ ናቸው፤ ካቆሙበት ቦታ አይነቃነቁም።

ታሪኩ የሁለት እህትማማቾች ነው። ታላቂቱ አበባ፣ ታናሺቱ ዝናሽ። ድርቅ ሆኗል። አባታቸው ከቋጥኝ ጀርባ የተደበቀች ምንጭ አለችው፤ «ቦታዋን ለማንም እንዳትናገሩ» ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። ከዚያ የሌላ መንደር ሰዎች ተጠምተው ይመጣሉ።

መምህር ገብሩ አንብቦ ሲያበቃ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ «ምን ትላላችሁ?» አለን። ምን እንድንል ነው? እሱ ያነበበውን ሰምተናል። በኛ አገር መምህር ሲጠይቅ መልሱ መጽሐፉ ውስጥ ነው፤ ይህ መልስ ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም። ዞር ዞር ብሎ አየንና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«አንቺስ ትርንጎ፣ ምን ትያለሽ?»

እኔ ሁለት እጄን አናቴ ላይ ጭኜ አጎነበስሁ።

ይህን የማይረዳ አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ የዛሬ ልጆች አይረዱትም። ቤታችን ውስጥ «ምን ትያለሽ?» ጥያቄ አልነበረም። ልጅ በትልቅ ሰው ወሬ መካከል ካጉረመረመች፣ አባት ቅንድቡን ሰብስቦ «ምን ትያለሽ?» ይላል። መልሱ ዝምታ ነው። ዝምታው ከዘገየ ኩርኩም ይከተላል። ስለዚህ ሳላውቅ አንድ ነገር አጉረምርሜ የተቆጣ መሰለኝ።

ከኋላየ የተቀመጠው ፈንታ የሚባል ልጅ፣ ምላሱ አያርፍም፣ «መምህር፣ ኩርኩሟን እየጠበቀች ነው! ቶሎ ይስጧትና ትገላገል!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። መምህር ገብሩ አልሳቀም፣ ፈንታንም አልተቆጣም። «እሺ፣ ነገ ትነግሪናለሽ» ብሎ ጨርቁን ጠቀለለ።

በማግስቱ ጠየቀኝ። እንደገና አጎነበስሁ። በሦስተኛው ቀንም ጠየቀኝ። ሌሎቹ ቀስ በቀስ አፋቸውን መፍታት ጀምረው ነበር፤ ፈንታማ ሳይጠየቅም ይናገራል። እኔን ግን በየቀኑ፣ በዚያው ድምፅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቀኛል። ዝም ስል «እሺ፣ ነገ» ይላል። ሲሰለቸው አላየሁም። አሁን ሳስበው የማደንቀው ይህን ነው። ትዕግሥቱን እንደ ሥራ ነበር የያዘው፤ አባየ የተበጠሰ ድር ሲቀጥል እንደሚያደርገው።

አንድ ዓርብ ነው። ዓርብ የኛ ልጆች ለሰንበት ዝግጅት ቀደም ብለን እንለቀቃለን። መምህር ገብሩ የሚያነበው ዝናሽ እንስራዋን ከምንጩ ሞልታ፣ አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ነበር። ውሃው ጀርባዋ ላይ ይንጠባጠባል፤ ገመዱ ደረቷን ይቆርጣታል። እዚህ ላይ አቆመ። ጨርቁን አነሣ።

ልጆቹ እየተነሡ ነው። እኔ ቀረሁ። እሱ ጨርቁን አንድ ጊዜ ሲያጥፍ አየሁት። ዝናሽ ዛሬም ነገም እንስራዋን እንዳዘለች ልትቆም ነው፤ እስከ ሰኞ። ነገ ደግሞ ሰንበት ነው። በሰንበት ሸክም አይሸከሙም። ከዚያ ድምፄን ሰማሁት።

«መምህር፣ እንስራዋን ያውርዱላት። ሰንበት ሊገባ ነው።»

በሩ ላይ የደረሱት ልጆች ቆሙ። ፈንታ ግድግዳውን ይዞ ሳቀ። «ለመጽሐፍ ሰንበት ትጠብቅለታለች! ነገ ለጋን ትጾምለታለች!»

መምህር ገብሩ አየኝ። እሱ የኛን ሰንበት የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። «እውነትሽን ነው» አለኝ። መልሶ ተቀመጠ፤ ጨርቁን ፈታ፤ ሌላ ምዕራፍ ጀመረ። ዝናሽ ዳገቱን ጨርሳ፣ ተንበርክካ፣ እንስራዋን ከዋርካ ሥር እስክታሳርፍ ድረስ ለኔ ብቻ አነበበልኝ። ሌሎቹም ተመልሰው በር ላይ ቆመው ሰሙ። ከዚያ፣ «አሁን ደህና ትሰነብታለች?» አለኝ።

«አዎ። አሁን ደህና ናት» አልሁ።

ለሱ ጥያቄ የመለስሁት የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው። ሰኞ «ምን ትያለሽ?» ሲለኝ እጄ ወደ አናቴ አልሄደም። ተነሣሁ፤ እሱ እንዳስተማረን እጆቼን ከኋላየ አጣመርሁ። «እኔ እምለው» ብየ ጀመርሁ። ምን እንዳልሁ ረስቻለሁ። «እኔ እምለው» ማለቴን አልረሳሁም። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ የምለው ነገር አጣሁ አላልሁም።

ሰግድ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መምህር ገብሩ አዲስ ነገር አመጣ። በታሪኩ ዝናሽ የሌላውን መንደር ሰዎች ወደ ምንጩ አድርሳ፣ አባቷ ደርሶባታል። «ዝናሽ ትከሰስ» አለን። «ሰኞ ሙግት አለ። ፈንታ ለአባቷ ይከሳል። ትርንጎ ለዝናሽ ትቆማለች። እኔ ዳኛ ነኝ።» ሙግት ማለት በዚያ ዘመን ዛፍ ሥር የሚታይ የሁላችንም ጨዋታ ነበር። ልጆች ከብት ስንጠብቅ እንጫወተዋለን። መጽሐፍን ለሙግት ማቅረብ ግን ማንም አስቦት አያውቅም።

የዚያን ሳምንት እሑድ ሁለት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ነገሩ የጭቃ ጉድጓድ ነው። ከወንዙ ወዲያ ያሉ የወገኖቻችን ሴቶች፣ እነሱም ሸክላ ሠሪዎች፣ ጉድጓዳቸው በክረምቱ ናዳ ተደፍኖባቸዋል። የኛን ጉድጓድ እየፈለጉ ነው ተባለ። ይነገራቸው ወይስ አይነገራቸው? እማየ ጥግ ላይ አንድ ድስት በጠጠር እየፋቀች ታለሰልሳለች። በዚያ ጉድጓድ ከሷ በላይ የቆፈረ አልነበረም፤ የጠየቃት ግን የለም። እኔ ለእንግዶቹ እጅ ማስታጠቢያ ይዤ ቆሜአለሁ።

አባየ፣ «ጉድጓዱን ያሳየ ሰው የቤቴን ደጃፍ አይርገጥ» አለ።

እኔ ሳላስበው፣ «ቢያዩትስ?» አልሁ፤ ለራሴ ነው።

አባየ ዞረ። ቅንድቡን ሰበሰበ። «ምን ትያለሽ?»

አሁንም ሳስበው እደነግጣለሁ። ያን ሁሉ ሳምንት ስጠየቅ ከርሜ፣ ጆሮየ ተለውጦ ነበር። ማስታጠቢያውን መሬት ላይ አስቀመጥሁ። እጆቼን ከኋላየ አጣመርሁ።

«እኔ እምለው» አልሁ፣ «ጭቃው አያልቅም። በየክረምቱ ዝናቡ እንደገና ያመጣዋል። እነሱ ቢወስዱ እኛ አይጎድለንም።»

የእማየ ጠጠር ቆመ። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሌላው፣ «ሴት ልጅን ትምህርት ቤት መስደድ ይኸ ነው፣ ወርቁ። ፊደል ሲገባ አፍ ይወጣል» አለ።

አባየ አልመታኝም። ድምፁንም ከፍ አላደረገም። «ሰግድን አልጠብቅም። ነገ ትወጣለች» አለ።

በነጋታው አባየ ዱላውን ይዞ ፊት ፊት፣ እኔ ኋላ ኋላ ሄድን። ከመምህር ቤት ልጅን ዝም ብሎ ማስቀረት ነውር ነው፤ አመስግኖ መውሰድ አለበት። ስንደርስ ክፍሉ ገብቷል። አባየ በሩ ላይ ቆመ።

«ሰው ሥራ ላይ እያለ አይጠራም። ግቢና ቁጭ በይ። ሲያበቃ አነጋግረዋለሁ።»

ገባሁ። መምህር ገብሩ ወንበሩን መደቡ ላይ አውጥቶ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል። ሲያየኝ፣ «ለተከሳሿ የምትቆመው መጣች» አለ። አባየን ያየው አልመሰለኝም። የሙግቱ ነገር ከራሴ ጠፍቶ ነበር፤ ያዘጋጀሁት ቃል አንድም አልነበረም። ፈንታ እንጨት እንደ በትር ይዞ፣ ነጠላውን እንደ ተሟጋች አጣፍቶ፣ ፊቴ መጥቶ ቆመና ጮኸ፦

«በላ ልበልሃ!»

ከበሩ በኩል፣ «ሆ!» የሚል ድምፅ መጣ። «ለሴት 'በላ ልበልሃ' ይባላል? 'በይ ልበልሽ' በላት እንጂ! ሙግቱን ሳትጀምረው ተረታህ እኮ!»

ክፍሉ ሁሉ ዞረ። አባየ አንድ እግሩን አስገብቷል። ራሱም የደነገጠ ይመስላል።

መምህር ገብሩ ከወንበሩ ወርዶ፣ «ይግቡ፣ አያ ወርቁ። ከሳሻችን ልጅ ነው፤ የሚያግዘው ሽማግሌ አጥተን ነበር» አለ።

«እኔ የመጣሁ ለሌላ ነገር ነው።»

«ይደርሳል። ይቀመጡ።»

አባየ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና፣ «ለመሆኑ ክሱ ምንድን ነው?» አለ።

መምህሩ ታሪኩን ከመነሻው አጫወተው። አባየ ባለጉዳይ ሲመጣበት እንደሚያደርገው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱን አፍንጫው ላይ አድርጎ ሰማ። አልፎ አልፎ፣ «ምንጩ በአባትየው መሬት ላይ ነው?» «ሲያስጠነቅቃት ምስክር ነበረ?» ይላል። ሲያበቃ ተነሣ። ኩታውን እንደ ተሟጋች አጣፋ። ለምን እንደመጣ የረሳ ይመስለኛል።

«በይ ልበልሽ!» አለኝ፤ ለኔ፣ ለገዛ ልጁ። «የአባት ቃል የቤት ምሰሶ ነው። ምሰሶ የነቀለ ሰው ጣራው ከወደቀ በኋላ 'ጎረቤት ማገዶ ቢያጣ አዝኜ ነው' ቢል ይሰማለታል? ጥማቱስ ይሁን፤ የተጠማ ይለምናል፣ ባለቤቱ ይሰጣል። እሷ ባለቤት ናት? ያልሰጧትን ሰጠች። ያልሰጡሽን መስጠት ስርቆት ነው!»

ፈንታ በደስታ ዘለለ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ መደቡ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድሁ።

በሙግት ሕግ፣ የተናገረ ሰው ቃሉን ሲጨርስ ለባላጋራው መልቀቅ አለበት። ሳይለቅ የቀረ፣ አዋቂ ቢሆንም ይናቃል። አባየ ይህን ሕግ አፍርሶ አያውቅም። ወደኔ ዞረ። ቅንድቡ ያው ቅንድብ ነው፤ ድምፁ ያው ድምፅ ነው።

«አንቺስ፣ ምን ትያለሽ?»

የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም። የትላንቱ ነው ወይስ የመምህር ገብሩ? መምህሩን አየሁት። እሱ መሬቱን ያያል፤ አላገዘኝም። እጆቼን ከኋላየ አጣመርሁ።

«እኔ እምለው» አልሁ፣ «አልተናገረችም።»

«ምን አልሽ?»

«አባቷ 'አትናገሪ' ነው ያላት። ዝናሽ አልተናገረችም። እንስራዋን አዝላ ዝም ብላ ሄደች። የተከተሏት እነሱ ናቸው። ከአፏ የወጣ ቃል የለም።»

ይህን አውቅ ነበር። ያቺን እንስራ ሰንበቱን ሙሉ ስጠብቅ ስለከረምሁ፣ ከዳገቱ እስከ ምንጩ ያደረገችውን ሁሉ አውቀዋለሁ።

አባየ ወደ መምህሩ ዞሮ፣ «እንዲህ ይላል?» አለ።

መምህር ገብሩ እጁን ታጠበ። ጨርቁን ፈታ። ቦታውን ፈልጎ ቀስ ብሎ አነበበ። ዝናሽ አፏን አልከፈተችም። አባየ ራሱን አቀርቅሮ ሰማ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ተቆጣ ብየ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ቀና ሲል እየሳቀ ነበር።

«ወይ ጉድ! በገዛ ቃሌ ያዘችኝ!» አለ። ከዚያ ለመምህሩ፣ «ይህን ማን አስተማራት?»

«እኔ ያስተማርኋት ማንበብ ነው» አለ መምህር ገብሩ። «ይህኛውን ከቤቷ ይዛው የመጣች ይመስለኛል።»

አባየ ኩታውን አስተካከለ። «ፍርዱስ?» አለ።

«ገና አልተነበበም። ነገ ነው።»

«አሁን አይነበብም?»

«በቀን አንድ ምዕራፍ ነው፣ አያ ወርቁ።»

«አንድ ምዕራፍ!» አለ አባየ። ዱላውን አነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ወደኔ ዞረ። «ነገ ደህና አድርገሽ ስሚ። ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ።»

ሄደ። ለመናገር የመጣውን ነገር ሳይናገር ሄደ።

እኔ ስመለስ እማየ ዳሱ ሥር ድስቷን ታለሰልሳለች። አባየ ሸማ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጧል፤ መወርወሪያው ግን እጁ ላይ ነው፣ አይወረውርም። ስለ ትምህርት ቤቱ አንድም ቃል አልነገራትም። ከዚያ ዞር ሳይል፣

«ስለዚያ የጭቃ ጉድጓድ... አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለ።

እማየ ጠጠሩ ከእጇ ወደቀ። «ኧረ እኔ ምንም አላልሁ!» አለች። ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች።

«እማየ» አልኋት፣ «እየጠየቀሽ ነው።»

እሷ አየችኝ፤ እሱን አየችው። ጠጠሯን አነሣች፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

«ጭቃው እንደሆነ አያልቅም» አለች።

«እንግዲያው እሺ» አለ አባየ። መወርወሪያውን ወረወረ።

በሳምንቱ የማዶዎቹ ሴቶች ስልቻቸውን ይዘው መጡ። እማየ አንድም ቃል አልተናገረቻቸውም። የራሷን ስልቻ አዝላ ፊት ፊት ሄደች፤ እነሱም ተከተሏት።

ሰግድ ደረሰ። ተራራው ላይ ወጣን፤ ጸለይን፤ ወረድን። «እናያለን» ያለ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ቆሎየን ቋጥሬ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ማንም አልጠራኝም። ጭቃውን ከትምህርት በኋላ አመላለስሁ፤ አልከበደኝም።

የመጽሐፉ መጨረሻ ለአባየ ደርሶታል። አባትየው ወደ ምንጩ ይወርዳል፤ የማያውቃቸው ሰዎች ሲጠጡ ያገኛል፤ አንዲት አሮጊት በቅል ቀድተው ይሰጡታል፤ ተቀብሎ ይጠጣል። አልቋል። ይህን ስነግረው አባየ አልተደሰተም። «ጸሐፊው ፍርድ አያውቅም» አለ። «ካሣ የለ፣ ዋስ የለ! ሌላ መጽሐፍ የለውም መምህሩ?» ነበረው። በየጊዜው ከከተማ ያመጣ ነበር፤ አባየም የእያንዳንዱን ነገር ከኔ እየሰማ፣ ሸማ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ይግባኝ ይጠይቅበት ነበር።

መምህር ገብሩ በዓመቱ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ከሱ በኋላ ብዙ አስተማሪዎች አስተምረውኛል፤ ጎንደርም ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ። የተማሩ ሰዎች ነበሩ። መጽሐፍ ለመንካት እጁን የሚታጠብ፣ ለመጽሐፍ ውስጥ ልጅ ሰንበት የሚያስገባ ሌላ መምህር ግን አላጋጠመኝም።

«ሳፍታ ትርንጎ?»

ቀና አልሁ። ልጆቹ ሁሉ፣ አያቶቻቸውም፣ ያዩኛል። ሞራ ዳፍና ከትንሿ ወንበሯ ወደኔ ጎንበስ ብላለች።

«ልጅቱ ለአያቷ ሌላ ነገር ነገረቻቸው። አንቺስ፣ ማ አት ኦሜረት?»

በዕብራይስጥ «ምን ትያለሽ?» ማለት ነው፤ ቃል በቃል። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም። እጄ ላይ ያለውን ጭቃ አየሁት። ሳላውቀው አንገት አውጥቼለት፣ ሆዱን ከብቤው፣ እንስራ ሆኗል።

መልስ ስዘገይ ሺራ ያልገባኝ መሰላት። ወደ ጆሮየ ጠጋ አለችና፣ በአማርኛ፣ ከተናገረችው ብዙ ጊዜ በሆናት አማርኛዋ፣ አንሾካሾከች፦

«ሳፍታ፣ እየጠየቀችሽ ነው።»

እንስራዋን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኋት። ተነሣሁ። እጆቼን ከኋላየ አጣመርሁ።

«እኔ እምለው» አልሁ። ሺራም ከጎኔ ቆማ ታስተረጉምልኝ ጀመር።